ለዳሌዬ የታዘዘ እንቅስቃሴ

ቡታጅራ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ሰፍያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ስልኬን ስለማታነሺ ጻፍኩልሽ። ልጃችን ናጃህ ቤት ወልቂጤ እንደተመቸሽ ሰምቻለሁ።

እኔ ደህና አይደለሁም። ግራ ዳሌዬ ብሶበታል፤ የምሰግደው ወንበር ላይ ሆኗል። በአምሳ ስድስት ዓመቴ መስጊድ ውስጥ ከአረጋውያኑ ጋር እቀመጣለሁ። ባለፈው ጁምዓ አንዱ «ኢንጂነር፣ አንተም መጣህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሐኪሙ መገጣጠሚያው እንዳለቀ ነግሮኛል። ያዘዘልኝ እንቅስቃሴ እንዳይብስ ያደርገው ይሆናል እንጂ አይመልሰውም። ሆስፒታል ውስጥ እንቅስቃሴውን የምታሠራኝ ትርሲት የምትባል ልጅ ናት። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፣ መቀመጫን ከምንጣፍ ማንሳት፣ ግድግዳ ተደግፎ ትከሻን ማቃናት፤ ሁሉም ቀስ ተብሎ። «ቀስ ማለት ምን ያህል ነው?» ብላት «እስካላመመዎት» አለች። ይህ መለኪያ አይደለም። ደግሞ «እንሰቱን በተነሳ እግሯ ይዛ እንደምትፍቅ ሴት እግርዎን ወደ ላይ ያንሱ» ስትለኝ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ የቀየስኩ ሰው ነኝ። አነሳሁት፤ ብዙም አልሄደም።

እንዲያስታርቁን የላክኋቸው ሐጂ አብዶና ሽማግሌዎቹ ያመጡትን ቃልሽን ሰማሁ። «በገዛ ቤቴ እንዴት እንደምቀመጥ እንኳ ሲያርመኝ ኖሯል፤ በቃኝ» ብለሻል። አርሜሻለሁ። ጎብጣ የተቀመጠችን ሚስት «ቀና በይ» ማለት በየትኛው አገር ነው በደል የሚሆነው? ዛሬ ቀጥ ብለሽ የምትሄጂው በማን ሆነና? ሆኖም ሁለተኛ ሽማግሌ አልልክም። ሐጂ አብዶም «ሙባሪክ፣ እኔን ተወኝ፤ እሷን ማየት አፍሬያለሁ» ብሎኛል።

የሚቸግረኝ አንዱ እንቅስቃሴ ነው። በጎኔ ተኝቼ እግሬን ሳነሳ ዳሌዬ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ለራስ አይታወቅም። አንድ ሰው ከኋላ ተቀምጦ በእጁ ደገፍ ማድረግ አለበት። ትርሲት «ባለቤትዎ ይያዙልዎት» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ ወልቂጤ መሆንሽን አልነገርኳትም።

ትናንት ስትመረምረኝ «ዳሌዎ አሁንም ይንሸራተታል። እጃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው እንዲይዙ ይንገሯቸው» አለችኝ።

«አያያዟ ምንም እንከን አይወጣለትም» ብዬ ተቆጣኋት።

አላህ አንቺንም ናጃህንም ከክፉ ይጠብቅልኝ። መልስ አልጠብቅም።

ሙባሪክ