መንገደኛ አይቆጠርም

ይድረስ ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ ጠይባ፤ ካርቱም።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንደምን ከረሙ? ያ ክረምት በገባ ቁጥር ይጠዘጥዝዎት የነበረው ጉልበትዎን የካርቱም ሙቀት አስታገሰልዎት? ባለቤትዎ ጋሼ ጀላሉስ ዓይናቸው እንዴት ሆነላቸው? ልጅዎ ሚስኪ ተገላገለች ወይስ ገና ናት? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን የያዘልኝ ነጋዴው ቀነዓ ነው። የባሮ ውሃ ሞልቶ ጀልባው ጋምቤላ ደርሷል ስለተባለ ቡናውን ጭኖ በቡሬ በኩል ሊወርድ ነው። በፖስታ ያልላክሁት ከእርስዎ በፊት የሚያነበው ስላለ ነው።

የምጽፍልዎት ከጎሬ ነው። መቱን ለቅቄያለሁ። ከሰው ከመስማትዎ በፊት ከእኔ ይስሙት።

በግብፅ አገር፣ በምስር ዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ያቋረጥሁትን የዶክትሬት ጥናት ያውቁታል፤ «ይህ ነገር ከእኔ በኋላ ነው የሚያልቀው» እያሉ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል። አምና ጣልያኖቹ የእስልምናን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ድጎማ እንሰጣለን አሉ። ሙስሊሙን ለማባበል መሆኑ አልጠፋኝም። ቢሆንም ተቀበልሁ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሌላ በር ይከፈትልኛል ብዬ አልጠበቅሁም። በዚህ ቢቆጡኝ መከራከሪያ የለኝም።

ጥናቴ ስለ ጁምዓ ኹጥባ፣ ስለ አርቡ ስብከት ነው። በድሮ የእስላም መንግሥታት ማን እንደሚገዛ የሚታወቀው አርብ ዕለት ኢማሙ ሚንበር ላይ ወጥቶ ዱዓ ሲያደርግ የማንን ስም እንደጠራ በመስማት ነበር። ምስርን ሁለት መቶ ዓመት የገዛ ሥርወ መንግሥት ያበቃው እንዲሁ ነው፤ አንድ አርብ የባግዳዱ ኸሊፋ ስም ተጠራ፣ በቃ። ይህንኑ በማጠቃለያው ጽፌ በመቱ ለተቀመጠው የጣልያን ሹም አስገባሁ። ሰውዬው ታሪክ ብዬ የጻፍሁትን እንደ መመሪያ አነበበው። በሳምንቱ ሼህ ሻፊን አስጠርቶ ከሚመጣው አርብ ጀምሮ በኹጥባው የጣልያን ንጉሥ ስም እንዲጠራ፣ ካልተጠራ ግን መስጊዱ እንደሚዘጋ ነገራቸው።

ሼህ ሻፊን አይረሷቸውም፤ የአባታችንን አስከሬን ያጠቡት፣ እኔንም አሊፍ ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል አልወቀሱኝም። አላናገሩኝምም። ከተማው ግን ፈረደ፤ ነዚፍ ሸጠን ተባለ። ሱቅ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። ቅቤ ነጋዴው አብደታ ሰው በተሰበሰበበት «ዶክተር መጣ፤ አፋችሁን ዝጉ፣ ይጽፍባችኋል» ብሎ አሳቀብኝ። እኔ እኮ ያለ ማስረጃ አንድ መስመር የማልጽፍ ሰው ነኝ! እነሱ ግን ከማን እንደሰሙ እንኳ ሳይጠያየቁ ፈረዱብኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወደ ሹሙ ሄጄ አፈጠጥሁበት። በግድ የተጠራ ስም ለምንም ነገር ማስረጃ አይሆንም አልሁት። አስተርጓሚው ሲነግረው ፈገግ አለ። «ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ እርስዎ ያለ አጥኚ ሲመጣ ስሙ መጠራቱን እንጂ መገደዱን የት ያገኘዋል?» አለኝ። ከቢሮው ወጥቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

አርብ ጠዋት ከመስኮቴ ስመለከት ወንዶቹ በቅሎ እየጫኑ ከከተማ ይወጣሉ። አንዱ ወደ ኡካ፣ ሌላው ወደ ቡሬ። ፈሪዎች፣ ሽማግሌውን ለብቻቸው ጥለዋቸው ሸሹ ብዬ ተናደድሁ። እኔ ግን እገባለሁ፤ ስሙ ሲጠራም ተነሥቼ እቃወማለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ዉዱእ አድርጌ ሄድሁ።

ሹሙ በር ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። ሼህ ሻፊ ሚንበሩ ሥር ቆመው ለአስተርጓሚው ያስረዳሉ፤ በእኛ በሻፊዒ ሕግ ተከታዮች ዘንድ የአገሩ ነዋሪ የሆኑ አርባ ወንዶች ካልተሟሉ ጁምዓ የለም፣ ኹጥባም የለም፤ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን ሰግደን መበተን ነው ይሉታል። አስተርጓሚው አንድ በአንድ ቆጥሮ አንድ ይጎድላል ሲል እኔ ከነጫማዬ ደጃፉ ላይ ደረስሁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። አብደታ በኦሮምኛ «አፉርተማፋን ዱፌ» ብሎ አጉረመረመ፤ አርባኛው መጣ ማለቱ ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዎቹ አልሸሹም ነበር። ተመካክረው፣ የሚቀረው ሰው ከአርባ እንዲያንስ ቆጥረው ነበር የሄዱት። የሚያናግረኝ ስላልነበረ ሳልሰማ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

አስተርጓሚው «ይኸው ሞላ!» አለ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «እኔን አትቁጠር፤ መንገደኛ ነኝ። መቱን ለቅቄ ዛሬ መሄዴ ነው» አልሁ። ሹሙ ወደ ሼህ ሻፊ ዞረ። እሳቸውም «እውነቱን ነው፤ መንገደኛ አይቆጠርም» አሉ። እንዲህ ማለት ነበረባቸው፤ አውቃለሁ። ግን ቶሎ አሉት፣ እትዬ። ሳያመነቱ አሉት።

ጁምዓ አልተሰገደም፤ የማንም ስም አልተጠራም። በውሸት ግን የአላህን ቤት ሕግ አላጣምምም። ያልሁት እውነት እንዲሆን ልብሴንና መጻሕፍቴን ጭኜ የዓስር ሶላት ሳይደርስ ወጣሁ። የሸኘኝ አንድ ሰው ነው፤ ጎረቤቴ እትዬ አስካለማርያም። ቁልፌን ሰጥቻቸው ነገሩን ስነግራቸው «አይ ጋሼ ነዚፍ፣ እኔ ቤትስ ለምሳ አርባ ሰው አያስፈልግም፤ ብቻዎን ቢመጡ ይበቁ ነበር» አሉኝ። ስቄ ነበር፤ ከዚያ አንገቴን አዙሬ መንገዴን ቀጠልሁ።

ድጎማው ወዲያውኑ ተቋረጠ፤ ጥናቱም በዚያው ቆመ። መቱዎች በየአርቡ እየተፈራረቁ ከከተማ ይወጣሉ፣ ሹሙም እየመጣ ያስቆጥራል አሉኝ። እስካሁን አልሞላም። እኔ ብመለስ ቁጥሩ እንዳይሞላ አንድ ሰው ተጨማሪ ከከተማ መውጣት ይኖርበታል፤ ስለዚህ አልመለስም። ተመለስ ያለኝም የለም። እዚህ የተከራየሁት ክፍል ጣሪያው ያፈሳል፤ ዝናቡ ሌሊትና ቀን የለውም። ባለፈው አርብ የጎሬው ኢማም ነዋሪ ነህ ወይስ አላፊ ብለው ጠየቁኝ። በመቱ መንገደኛ ነኝ ያልሁት እውነት ሆኖ እንዲቆይ አላፊ ነኝ አልኋቸው። ወዴት ሲሉኝ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ወደ ካርቱም ና ይሉኝ ይሆናል። እንዳይሉኝ፤ እሺ ብዬ እመጣለሁና። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ይጣሉት።

ጋሼ ጀላሉን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ፤ ለዓይናቸው ዱዓ አደርጋለሁ። ጎረቤትዎን ዱሬቲን የአገር ልጅ ሰላም ብሎሻል ይበሏት። ሚስኪን በሁለት ጉንጯ ይሳሙልኝ፤ ልጅ ወልዳ ከሆነም ስሙን ጽፋችሁ ላኩልኝ። አጎቴ አሁን የት ነው የሚኖረው ብላ ከጠየቀች ጎሬ ነው አይበሏት፤ መንገድ ላይ ነው ይበሏት።

ታናሽ ወንድምዎ ነዚፍ

ጎሬ፤ ሐሙስ ሰኔ 16 ቀን 1930 ዓ.ም.