የነገው መስመር

ውድ ብራይድ፣

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው አንቺን ይወቅሳል፤ ሁለተኛው ከምስጋና ካርድ ላይ የተገለበጠ ይመስላል። ሁለቱንም ብታነቢያቸው ኖሮ "ሌላንድ፣ ልጄ፣ ወደ ነገሩ ግባ" ትዪኝ ነበር። በሰባት ዓመት ብቻ እየበለጥሽኝ "ልጄ" ስትዪኝ መጀመሪያ ላይ ይከነክነኝ ነበር። በእናንተ መንደር ፖሊሱንም ቄሱንም እንደዚያ እንደምትጠሩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቶሮንቶ ውስጥ የተከራየንባቸውን ጠባብ ክፍሎች ታስታውሻለሽ? የሚተከልልን ሳንባ ከሟች ሲገኝ ቀጠሮ አይሰጥምና፣ አንቺ ከኒውፋውንድላንድ፣ እኔ ከሳስካችዋን ቤታችንን ዘግተን ሆስፒታሉ አጠገብ መክረም ነበረብን። በሳምንት ሦስት ቀን ኦክስጅናችንን እየጎተትን የመራመጃ ማሽን ላይ እንወጣለን። የመጀመሪያ ቀን ከአጠገቤ ሆነሽ፣

"ስንት ዓመት አጨስክ?" አልሽኝ።

"ሠላሳ አንድ።"

"እኔ አርባ። በል አክብረኝ።"

ሁለታችንም ትተን፣ የሲጋራ ምልክት እንደሌለበት ሽንታችን ስድስት ወር ተመርምሮ ነው ተራ የያዝነው። እኔ በመጋቢት ተሳካልኝ። አንቺ ወረፋው ላይ ቀረሽ፤ እኔም ለክትትል እዚያው ከረምኩ።

ከዚያ በኋላ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ይጠይቀኛል። የማላውቀው ሰው ሞቶ እኔ እየተነፈስኩ ነው፤ ደስታዬን እየለካሁ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። እናደድ ነበር። በጥቅምት አንድ ቀን ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ቆሜ አንድ ሲጋራ ለኮስኩ። በማግስቱም አንድ። ከዚያ በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ። ምክንያት አልደረድርልሽም። ድልድይ ስመረምር በኖርኩበት ዘመን ከሥራ ተቋራጮች የሰማሁት ምክንያት ይበቃኛል።

ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ። ጠዋት፣ ከመድኃኒት በፊት፣ ትንፋሽ መለኪያው ውስጥ ነፍተን ቁጥሩን ሰማያዊው ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ከአሥር አንድ እጅ ከቀነሰ በዚያው ቀን ነርሳችን ኢሞጀን ጋ መደወል ነው። የእኔ ሁለት ነጥብ ስድሳ አራት ሊትር ነበር። በኅዳር ወደ ሁለት ነጥብ ሠላሳ ወረደ። እኔ ሁለት ነጥብ ስድሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ድልድዩ ሥር ሳይወርድ የስንጥቅ ስፋት መዝግቦ ያመጣልኝን መሐንዲስ ከሥራ ያባረርኩ ሰው ነኝ እኮ።

ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፊትሽ አመድ መስሎ ወደ ስፖርቱ ክፍል መጣሽ። ከአንድ ቀን በፊት ሳንባ ተገኘ ብለው ጠርተው፣ አጥበው፣ ጋውን አልብሰው አስተኝተውሽ ነበር። በመጨረሻ ሳንባው አይሆንም ተባለ፤ ሦስተኛ ጊዜሽ ነው።

"በባዶ ሆዴ አስተኝተው መለሱኝ" አልሽ። "ቢያንስ ቁርስ አይሰጡም?"

ከዚያ ደብተሬን ከወንበሩ ላይ አነሳሽ። በእኔ ቁጥር ከእኔ ይልቅ የምትደሰቺው አንቺ ነበርሽ።

"ሌላንድ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"ዓርብ።"

"ታዲያ ቅዳሜን መቼ ነፋኸው?"

እሑድንም ጽፌዋለሁ። ሰኞንም። ስዋሽ እንኳ ሥራ አስቀድሜ መጨረስ እወዳለሁ። አንገቴ ሥር ተጠግተሽ አሸተትሽኝ።

"ሃያ ስምንት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸ ዓሣ በአፍንጫዬ ስለይ ኖሬያለሁ። በማስቲካ አታሞኘኝ።"

"የራሴ ጉዳይ ነው።"

"ትናንት አልጋ ላይ ሆኜ የለመንኩት እንደዚህ ያለውን ሳንባ ነበር" አልሽኝ፤ ድምፅሽ ከፍ አላለም። "እስከ ሰኞ ጊዜ አለህ። ለኢሞጀን አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።"

ሰኞ ኢሞጀን ፊት ተቀምጬ "ሁሉም ደህና ነው" አልኩ። በሩ ተከፈተ። ሲሊንደርሽን እየጎተትሽ ገባሽ።

"እያጨሰ ነው። ቁጥሩንም ከጭንቅላቱ ነው የሚጽፈው።"

እኔም ያልኩትን አልኩ፦ "ተራሽ ስላልደረሰ ቅናት ይዞሽ ነው።"

"አዎ፣ እቀናለሁ" አልሽ። "የምናገረውም ለዚህ ነው።" ከዚያ ትንፋሽ አጥሮሽ ተቀመጥሽ፤ ኢሞጀን እኔን ትታ አንቺን ደገፈች።

በማግስቱ ከሳንባዬ ናሙና ወሰዱ። ሰውነቴ ሳንባውን መግፋት ጀምሮ ኖሯል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ደውሉ የሚሉንም ለዚሁ ነበር። ሦስት ቀን ከባድ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ሐኪሙ ሌላ ወር ቆይቼ ቢሆን ኖሮ የሚተርፍ ነገር እንደማይኖር ነገረኝ። የጠፋው አልተመለሰም፤ የቀረው ግን ተረፈ።

እኔ ግን እንዳላገኝሽ ብዬ የስፖርት ቀኔን አስለወጥኩ። ጥር ላይ ሳንባሽን እንዳገኘሽ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ወደ መንደርሽ ስትመለሺም ልሰናበትሽ አልመጣሁም። ብራይድ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለቅናቱ ቃል፣ ደግሞም ለዝምታው።

ሕይወቴን አተረፍሽ ብዬ አላመሰግንሽም፤ ያንን ካርዶቹም ይሉታል። የማመሰግንሽ ሁሉም ያመነውን ደብተር ከፍተሽ በማየትሽ ነው። የሰው ሥራ ስፈትሽ ኖሬ የእኔን የፈተሸ አልነበረም። አንቺ ደግሞ የራስሽን ሳንባ እየጠበቅሽ፣ በዚያች አጭር ትንፋሽሽ፣ ኮሪደሩን አቋርጠሽ መጣሽ። ያን ቀን ስንት እርምጃ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በኋላ ቆጠርኩት፤ ስልሳ ሁለት ነው።

ማጨስ ካቆምኩ ሃያ ሁለት ወር ሆነኝ። ሽንቴን አሁንም ይመረምራሉ፤ አሁንም እናደዳለሁ፤ አሁንም እሰጣለሁ። ለሟቹ ቤተሰብም በሆስፒታሉ በኩል ስም ሳልጠቅስ ጽፌያለሁ። ስለ ሲጋራው አልነገርኳቸውም። መንገር ነበረብኝ ወይ? ይህን የምጠይቀው አንቺን ብቻ ነው።

የደብተሬን የዚህ ሳምንት ገጽ ቀድጄ አብሬ ልኬልሻለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ የነፋሁት ሁለት ነጥብ ሃያ ስምንት። ትንሽ ነው፣ ግን የእውነት ነው። ያንቺን ላኪልኝ።

የሐሙስ መስመር ባዶ ነው።

ልጅሽ፣
ሌላንድ ዋሲሊክ
ሳስካቱን