ለልቤ ምት ስም ሲወጣ

ሐሙስ
ተንቀጠቀጥኩ። በቃ፣ ወሬው ይኸው ነው። ሞዴል ፈተና ላይ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ፣ ልቤ ደረቴን ሊሰብረው ደረሰ፣ ወረቀቱን ባዶውን ሰጥቼ ወጣሁ። ቤት ሳልደርስ አክስቴ እትዬ ዘነቡ ሰምታለች። መካነ ሰላም ውስጥ ከእሷ የሚፈጥን ኔትወርክ የለም።
"ዓይነ ጥላ ነው፣ ትምህርቷን ሊያስጥላት" አለች፣ ሳትቀመጥ። አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ጢማቸውን እያሹ ፈረዱ። ሁለት ሳምንት ጠበል።
ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚወስደን አውቶቡስ ግን ሰኞ ጠዋት ይነሳል። ካመለጠኝ ዓመቱ ሄደ።

ዓርብ
እህቴ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችውን የሳይኮሎጂ ሞጁል አገላበጥኩ። አንዱ ሊቅ ሰውነት ይቀድማል ይላል፤ መጀመሪያ ትንቀጠቀጫለሽ፣ ያንን አይተሽ "ፈራሁ" ትያለሽ። ሌላው፣ የለም፣ ሁለቱም እኩል ይመጣሉ ባይ ነው። ሦስተኛው ደስ አለኝ። ልብ ይመታል፤ አእምሮ ዙሪያውን ያይና ለምቱ ስም ያወጣለታል።
ለእትዬ ዘነቡ አነበብኩላት። "ይህንንም የሚያስለፈልፍሽ እሱ ነው" አለች። እሷ ስም ለማውጣት አትቸገርም፤ ያላት አንድ ስም ብቻ ነው። ለጠበሉ ነጠላዬን አጥባ አስጥታዋለች።

ቅዳሜ
ጠበሉ ከፈተናው በኋላ ይሁንልኝ ብዬ ለአባባ ልናገር ሦስቴ ተነሳሁ፣ ሦስቴም ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ። እሳቸውም ዛሬ አይነኩም። ነገ መምህራቸው ፊት ቅኔ ያቀርባሉ። ምሳ አልበሉም። ከግድግዳ ጋር ያወራሉ።

እሑድ
ጥምጥም ሲያስሩ የጨርቁን ጫፍ የምይዝላቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ጨርቁ ተንቀጠቀጠ፤ ከእኔ በኩል አልነበረም። ሁለቴ ጠመጠሙ፣ ሁለቴ ተፈታ። አፌ ቀደመኝ።
"አባባ፣ እርስዎንም ዓይነ ጥላ ይዞዎት ነው?"
እትዬ ዘነቡ አማተበች።
"ይሄማ ግርማ ነው" አሉ። "መምህሬ ፊት ስቆም ሁሌ እንዲህ ያደርገኛል።"
"ልብዎም ይመታል?"
"ይመታል።"
"ታዲያ ጠበል ሳይገቡ ነው ቅኔውን የሚያቀርቡት?"
ጥፊ ጠበቅሁ። "አጥብቀሽ ያዢ" ብቻ ብለው፣ ጠምጥመው ወጡ።
ሲመለሱ ለእትዬ ዘነቡ "ጠበሉ ከፈተናው በኋላም አይደርቅም" አሏት። እኔን አላዩኝም።

ሰኞ
አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ፊደሌ የሚዘለው በመንገዱ ነው፤ ግማሹ እንኳ። እትዬ ዘነቡ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ላስቲክ ጠበል ከታብኛለች፤ ደብተሬ ረጥቧል።
ልንነሳ ስንል አባባ በመስኮት እጄን ያዙ። "አብሽሪ" አሉኝ፣ ከዚያ ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብለው፣ "ትናንት ቅኔው መሃል ላይ ጠፍቶብኝ ነበር። ዝም ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት። መጣ።"
ይህን ለሌላ ሰው የነገሩ አይመስለኝም። እኔም ቆሜ እጠብቃለሁ። ይመጣ ይሆናል።