የእርስዎ ቴሌቪዥን ብቻ የበራበት ቀን

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያችን የቀድሞ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሹመት በኋላ ያለው ጤናዎ በሹመት ዘመን ከነበረው እንዲበልጥ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ጎረቤቴ ብቻ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎባት ሰንብታለች፤ ልጇ መንታ ወልዳ ቤቱ በልቅሶና በዳይፐር ተሞልቷል፤ ባሏ ደግሞ ሥራ ፈትቶ ያልተበላሸ ቧንቧ ሲፈታ ይውላል። ባሏን ያውቁታል፤ ያባረሩት ቴክኒሻን ነው።

እኔ አምስት ዓመት ቢሮዎን ያጸዳሁት ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈምና ስሕተት ካገኙ፣ አሁን ጊዜ ስላለዎት ያርሙልኝ።

1. ሹመትዎን በተመለከተ፦ ከማስታወቂያ ክፍል ተነሥተው በአራት ዓመት ዋና ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ ያልተደሰተ አልነበረም፤ የነበረም ወዲያው ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ተዛውሯል። የልጆችን ፕሮግራም በንግግርዎ በመተካትዎም የሰፈራችን ሕፃናት በጊዜ መተኛት ስለለመዱ እናቶች ያመሰግኑዎታል።

2. ገመዱን በተመለከተ፦ የቢሮዎ ቴሌቪዥን አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ ቢቋረጥ ሰው ሁሉ ሥራውን ሊያጣ ደረሰ። ስለዚህ የክፍል ኃላፊዎችዎ ከስቱዲዮ ቀጥታ ወደ ቢሮዎ ገመድ አስዘረጉ። ከዚያ ወዲህ አገር ቢጨልም የእርስዎ ስክሪን አይጨልምም። የገመዱን አቧራ የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

3. የሹመትዎ አምስተኛ ዓመት የተከበረበትን ቀን በተመለከተ፦ ስለ እርስዎ የተሠራው የሦስት ሰዓት ፕሮግራም ገና ሲጀምር ማሰራጫው መጋል ጀመረ፤ ስርጭቱም ተቋረጠ። ቴክኒሻኑ እያለከለከ መጥቶ ሕዝቡ ጋ ምንም እንደማይታይ፣ አሁን ካጠፉት ማሰራጫው እንደሚተርፍ ነገረዎት። እርስዎም በጣትዎ ወደ ቴሌቪዥንዎ እያመለከቱ ዓይን የለህም ወይ ብለው እዚያው አሰናበቱት። እኔ መስኮት እየወለወልኩ ነበር፤ እኔን ውጪልኝ ማለት ረስተው ነበር። ማሰራጫው ነደደ። ያም ሆኖ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ለቦርዱ ሰብሳቢ ደውለው እንዴት ነበርኩ ብለው መጠየቅዎን አደንቃለሁ። ሰውየው ሦስት ሰዓት ሙሉ የገዛ ቴሌቪዥናቸውን ሲደበድቡ ነው የዋሉት። በማግስቱ እርስዎ ተሻሩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እርስዎ ግን ምንም ስላላስቀሩ የሚቆጭዎት የለም።

4. የማሰራጫውን ቃጠሎ ለሚያጣራው ኮሚቴ የጻፉትን በተመለከተ፦ ማንም አልነገረኝም፣ በክፍሉም ማንም አልነበረም ብለዋል። እኔን ከማንም ስላልቆጠሩኝ አልተቀየምኩም። ነገር ግን በዚህች መስመር ሳቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሰው ማሰራጫ አቃጣይ ተብሎ ሊቀር ነው፤ ከእንግዲህ የትኛውም ጣቢያ አይቀጥረውም። ኮሚቴው ሐሙስ ይወስናል። የምለምንዎ ነግሮኝ ነበር የምትል አንዲት መስመር ናት። ከወንበሩ አንዴ ወድቀዋልና እውነት ቢናገሩ ከዚያ በታች አይወድቁም።

ዱካዎን ከምንጣፍ ላይ ስታነሣ የኖረችው፣ ዛሬም የተተኪዎን የምታነሣው፣
አክባሪዎ የጽዳት ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ባለቤትዎ ጎረቤቴን ሊጠይቁ መጡ። መንታዎቹን አቅፈው ብዙ ከተጫወቱ በኋላ፣ ያን ቀን እርሳቸውም ስክሪኑ ጥቁር መሆኑን በስልክ ነግረውዎት፣ እርስዎ ግን ቴሌቪዥንሽን ቀይሪ ብለው ስልኩን እንደዘጉባቸው አጫወቱን። ሐሙስ ይህንኑ ለኮሚቴው እነግራለሁ፣ ለእሱ ግን አትንገሩት፣ ቢነግሩትም አይሰማም አሉ።