ዊልቸር የታዘዘለት አባት

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ለቁንጥንጧ ልጄ፣

«እማዬ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው። እዚህ ከተማው ሁሉ ዳገት ነው፤ በዚያ ጉልበቱ አይችለውም። ዊልቸር ተከራይቼለታለሁ፤ እየገፋሁ አዞረዋለሁ።»

ቃል በቃል የጻፍሽው ይህ ነው። ከየት አገኘኸው እንዳትዪኝ። እናትሽ መነጽሯ ጠፍቶባት፣ «እስቲ ልጅቷ ምን እንዳለች ጮክ ብለህ አንብብልኝ» ብላ ስልኳን የሰጠችው ለእኔው ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ እስከ መጨረሻው። ቀና ስል እናትሽ ሶፋው ላይ በሳቅ ተደፍታለች። «በል እንግዲህ፣ እኔ አልነገርኩህም!» ትለኛለች እንባዋን እየጠረገች። ይኸው እስካሁን ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ዕድሜዬን በሙሉ ተራራ ለተራራ መንገድ ስቀይስ የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ። ለመሆኑ «ዳገት ነው» ብሎ መረጃ አለ? ስንት በመቶ ነው? አስፋልት ነው፣ የድንጋይ ንጣፍ ነው ወይስ ደረጃ? የመሐንዲስ ልጅ እንዲህ ያለ ሪፖርት ታቀርባለች?

ደግሞስ አውሮፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የማያት ተገፍቼ ነው? ከሄድሽ ጀምሮ ያቺን ኮረብታው አናት ላይ ያለች፣ በፎቶ ብቻ የማውቃትን ቤትሽን ሳስብ፣ የምመኘው አንድ ነገር ነው፦ በእግሬ ወጥቼ በሯን ማንኳኳት። እኔ በር ድረስ የሚላክ ዕቃ አይደለሁም።

እየተዘጋጀሁም ነው። ቢሮ ሊፍት መጠቀም ትቻለሁ። ጥበቃው «ጋሼ፣ ሊፍቱ ተበላሸ እንዴ?» ቢለኝ፣ «እሱስ ደህና ነው፤ ተበላሸህ የተባልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ቆም ብዬ በመስኮት ግቢውን አያለሁ። ለእይታው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

እናትሽ በበኩሏ ሻንጣዋን ስታስር ስትፈታ ትውላለች። ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ! ሁለታችንም በመስኮት በኩል መቀመጥ ስለፈለግን፣ እዚያ ከተማሽ ያለው የከተማ ባቡር፣ ትራሙ ላይ ገና ሳንሳፈር ተጣልተናል።

ስለዚህ ውሳኔዬን ስሚ። ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። አንቺ ከጎኔ ትሄጃለሽ እንጂ ከኋላዬ አትሆኚም። ዊልቸሩን ግን አትመልሺው፤ የእናትሽ ሻንጣ ከባድ ነው።

ያን ሁሉ ዳገት በየቀኑ የምትወጪበትን እግርሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ በርሽን ስትከፍቺልን የማየውን ፊትሽንም እንዲሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ወደ ቤትሽ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ መሃል ላይ፣ አረፍ የሚባልበት አግዳሚ ወንበር አለ ወይስ የለም? የምጠይቅሽ ለእናትሽ ብዬ ነው። እስከ አርብ፣ ግንቦት 16 ድረስ በጽሑፍ፣ በዚሁ ኢሜይል መልሺልኝ።

ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።

አባትሽ