የጥርስ ባለሙያውና የባሕር ድንጋዮቻቸው፦ አቶ ኡርጌሳ ገመዳ (1932–2001 ዓ.ም.)

አቶ ኡርጌሳ ገመዳ ከአባታቸው ከአቶ ገመዳ ኢርኮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋሉል በዳዳ በታኅሣሥ ወር 1932 ዓ.ም. ከሙገር ገደል አፋፍ ባለች አነስተኛ መንደር ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አምስተኛው ሲሆኑ፣ ዛሬ በሕይወት ያሉት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ አሰጋሽ ብቻ ናቸው።

ፊደል የቆጠሩት በአካባቢያቸው በነበረ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃን በአዲስ አበባ አጠናቀው ለስምንት ዓመታት በአምቦ ሳይንስ አስተማሩ። በ1971 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ኬሚስትሪ ለማጥናት ወደ ስቶክሆልም መጡ። በ1974 አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ በዓመቱ የሚላክላቸው ድጎማ ሲቋረጥ፣ ለመመረቅ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቷቸው ነበር። ለአንድ የዕረፍት ወቅት ብቻ ብለው ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ቤት ተቀጠሩ። የአንድ ወቅቱ ሥራ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በዚህ ሲያማርሩ የሰማቸው ሰው የለም፤ የኬሚስትሪ ደብተሮቻቸውን ግን በአምስት ቤት ለውጥ አንዱንም አልጣሉም።

በ1979 ለነርስነት ትምህርት ከመጡት ከወይዘሮ ደሚቱ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ኑሯቸውን በስቶክሆልም ዳርቻ ባለችው በኖርስቦሪ መሠረቱ። ልጃቸው ፋና በ1981፣ ኖኅ በ1984 ተወለዱላቸው።

አቶ ኡርጌሳን ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በድንጋዮቻቸው ነው። ነገሩ የጀመረው በ1985 በሥራ ቦታቸው ደረጃ ላይ ነው። የጫማቸውን ክር ለማሰር ጎንበስ ሲሉ በደረጃው ቀይ ድንጋይ ውስጥ እንደ ሹል ቀንድ ያለ ቅርጽ አዩ። የሕንፃውን ጠባቂ ቢጠይቁት፣ “እሱማ ድሮ በባሕር ይኖር የነበረ እንስሳ ነው፤ ድንጋይ ሆኖ ቀርቶ ነው” አላቸው። ቤት ገብተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ለባለቤታቸው፣ “ልጆች ሆነን ከሙገር ገደል የምንለቅማቸው ጥምዝ ድንጋዮች ለካ የባሕር ናቸው። እኔ እኮ ባሕር ሳላይ ባሕር ላይ ነው ያደግሁት” አሏቸው። ወይዘሮ ደሚቱ ያን ዕለት እንደዚያ ሲስቁ ማየታቸውን እስከ ዛሬ ያነሳሉ።

ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ጊዜያቸው ሁሉ የቅሪተ አካል ፍለጋ ሆነ። ጥርስ በሚሞርዱባቸው መርፌዎችና ትናንሽ መሮዎች ድንጋዩን ከቅርፊቱ እየለዩ ያጸዱ ነበር። በ1989 በኡፕላንድስ ቬስቢ በሚሰበሰብ የሰብሳቢዎች ማኅበር አባል ሆኑ፤ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ ቀይ መስመር ጫፍ ተነስተው ከተማውን አቋርጠው፣ ያገኙትን በካልሲ ጠቅልለው ይሄዱ ነበር። አቶ ስቲግን፣ ጡረታ የወጡትን የባቡር ነጂ፣ ያወቋቸው እዚያ ነው። ሁለቱ በየዓመቱ በጁላይ ወደ ጎትላንድ ደሴት በመርከብ ይሻገሩ ነበር።

ድንጋዮቹ ያሳዘኗቸው ጊዜም ነበር። በ1996 በጉባኤያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ለሚያስተምሯቸው ልጆች ሲያሳዩ፣ የዓለምን ዕድሜ በተመለከተ ልጆቹን ግራ ያጋባሉ የሚል ቅሬታ ተነሳ። አቶ ኡርጌሳ አልተከራከሩም። “እኔ ያነሳሁት ድንጋዩን ብቻ ነው፤ ዕድሜውን የሰጠው ፈጣሪው ነው” ብለው ከማስተማሩ ተገለሉ። ዘጠኝ ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። በ2005 ሽማግሌዎቹ ቤታቸው ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀው ሲመልሷቸው፣ ቀድሞ ያስተማሯቸው ልጆች አድገው ሄደው ነበር። ቤተሰቡ ይህን የሚያነሳው ቂም ይዞ ሳይሆን፣ ምን ያህል እንደከበዳቸው ያኔ ስላልተናገሩ ነው።

በጁላይ 2002 በጎትላንድ ዳርቻ የሕይወታቸውን ትልቁን ግኝት አገኙ። የባሕር አበባ የሚባል፣ ግንድና ቅርንጫፍ ያለው የሚመስል ጥንታዊ እንስሳ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ተበጣጥሶ ሲሆን የእርሳቸው ግን ከነክንዶቹ ሙሉ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አጸዱት። አንድ ተመራማሪ ፎቶግራፉን አይተው ከዚህ በፊት ያልተመዘገበ ዓይነት ሊሆን እንደሚችል፣ ከሆነም በእርሳቸው ስም ሊጠራ እንደሚችል ጻፉላቸው። ትምህርታቸው በመንገድ ለቀረባቸው ሰው ይህ ምን ማለት እንደነበር ወዳጆቻቸው ያውቃሉ።

በኦክቶበር 2003 ለማኅበሩ ሲያሳዩት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ወደቀ። ክንዶቹ ደቀቁ። አቶ ኡርጌሳ ወዲያው፣ “ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተቀባዩ ሳይጨብጠው ለቀቅሁት” አሉ። ለባለቤታቸውም “ከእጄ አመለጠኝ” ከማለት በቀር አልጨመሩም። ብዙ ወራት በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ በሙጫ ሲያያይዙት ቆዩ፤ ዋነኛው ክፍል ግን ጠፍቶ ነበርና ተመራማሪው ዳግመኛ አልጻፉም።

ባለፈው ሐሙስ አቶ ስቲግ ለለቅሶ ኖርስቦሪ መጥተው ነበር። ከተቀመጡ በኋላ በስዊድንኛ የተናገሩትን ፋና ወደ አማርኛ መለሰችው። “እሱ አልጣለውም። ጨብጬው ነበር፤ እኔ ነኝ የጣልኩት። ያኔ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ በሽታዬን ከማኅበሩ ደብቄ ነበር። እሱ ግን አውቆ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ። በመንገድ ላይ ‘ለምን እንዲህ አደረግህ?’ ብዬ ብጠይቀው ‘የባሕር አበባ ሌላ ይገኛል፤ ጎትላንድ አብሮኝ የሚሄድ ሌላ ሰው የለኝም’ አለኝ።” ይህ ቃል በዚህ ቀን እንዲነበብ የጠየቁት ራሳቸው አቶ ስቲግ ናቸው። ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል።

አቶ ኡርጌሳ በሜይ 2008 የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሕክምናው ሲያደክማቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ድንጋዮቻቸውን በሙሉ መመዝገብ። “የተገኘበት ቦታ ያልተጻፈለት ድንጋይ ዲዳ ነው” ይሉ ነበር። ፋና በየቀኑ ከሥራ በኋላ ትመጣለች፤ እርሳቸው ድንጋዩን በመዳፋቸው ይዘው የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንዳነሱት በአማርኛ ይነግሯታል፤ እርሷ በስዊድንኛ ትጽፋለች። ከስድስት መቶ አሥራ ሁለት ድንጋዮች አምስት መቶ ሰባ አንዱ እንዲህ ተመዘገቡ። ፋና አባቷ በጎልማሳነታቸው የት የት እንደተንከራተቱ፣ በየዳርቻው ማንን እያሰቡ እንደሄዱ የሰማችው በእነዚያ ወራት ነው። ማርች 10 ከሰዓት በኋላ አንድ ትንሽ ግራጫ ድንጋይ አንስተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱትና፣ “ፋንዬ፣ ይኼ ረጅም ታሪክ ነው። ነገ እነግርሻለሁ” አሏት።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ማርች 11 ቀን 2009 ማለዳ፣ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ ኡርጌሳ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ደሚቱን፣ ልጆቻቸውን ፋናንና ኖኅን፣ የኖኅን ልጅ ያኔትን፣ በአዲስ አበባ የሚኖሩትን እህታቸውን ወይዘሮ አሰጋሽን፣ እንዲሁም ብዙ ወዳጆችን በኀዘን ትተው ሄደዋል። በአቶ ስቲግ ልብ ውስጥ ያለውን ኀዘን ቤተሰቡ ከራሱ ለይቶ አያየውም።

ቤተሰቡ አንድ ልመና አለው። ያልተመዘገቡት አርባ አንድ ድንጋዮች በጎን ባለው አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ከአቶ ኡርጌሳ ጋር በማንኛውም ዳርቻ የሄዳችሁ ሁሉ፣ ከመውጣታችሁ በፊት እያነሳችሁ ተመልከቷቸው። የምታውቁት ካለ ፋና ወረቀትና እርሳስ ይዛ በበሩ አጠገብ ትጠብቃችኋለች።

ምድርን ከነጥልቆቿ የሠራ ጌታ የአገልጋዩን ነፍስ በእጁ ይቀበል፤ የቀሩትንም በመጽናናቱ ይደግፍ። አሜን።