ቢስሚላህ ያለባት የዳቦ ወረቀት

ለእታለም ሀፍሳ፣ ከእኔ ቀድማ ተወልዳ ስለ እኔ መጨነቅ ላልተወችው፤ አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የእማ ደም ግፊት ወረደላት? መድኃኒቷን እየዋጠች ነው ወይስ እንደ ልማዷ ትራሷ ስር እየደበቀች? አማቻችን ዩኑስስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አካሌም ስሜም ደህና ነው። ስሜን የጨመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጀሚ ሰርቃ ታስራለች የሚል ወሬ አገራችን ደጋን መድረሱን ሰምቻለሁ። እማ ሰው አፍራ ገበያ መውጣት መተዋንም ሱዓድ ነገረችኝ። ሱዓድ እዚህ ጅዳ ከጎናችን ያለው ቤት የምትሠራ የገርባ ልጅ ናት፤ አሁን ሥራውን ጨርሳ ኸላስ ብላ አገሯ ስለምትገባ ይህን ደብዳቤ በእጇ ልኬልሻለሁ። በስልክ ብነግርሽ አልቅሼ አበላሸዋለሁ። ወረቀት ደግሞ ለሰው ሁሉ ይነበባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፊሌ፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ ባባ ቱርኪ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ሥራቸው ምን መሰለሽ? የማይሠራ ገንዘብ መሰብሰብ። የተሻረ የወረቀት ብር፣ ድሮ ለሐጃጅ ይሰጥ የነበረ ደረሰኝ፣ ነጋዴ በራሱ ማኅተም አትሞ በሳንቲም ፋንታ ያደለው ብጣሽ፣ ሁሉንም በላስቲክ ኪስ ከተው በትልልቅ ጥራዝ ይደረድሩታል። የእኛ አገር የተቀየረው የድሮ መቶ ብር ሳይቀር አላቸው። መጀመሪያ ሳይ፣ ሀብታም ሲሰለቸው የማያደርገው የለም ብዬ ስቄባቸው ነበር።

ከሁሉ የሚወዱት ግን አንዲት ወረቀት ነበረች። አባታቸው ባሕራ ላይ፣ ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሻይ ቤት ነበራቸው። ዝርዝር ሲጠፋ ለመኪና ነጂዎቹ በመልስ ፋንታ «አንድ ዳቦ፣ አንድ ሻይ» የሚል ወረቀት ይሰጡ ነበር፤ ነጂው ሲመለስ በሷ ይበላል። ከዚያ ሁሉ ለባባ የቀረቻቸው አንዷ ብቻ ናት።

አንድ ቀን ለእንግዳ ሊያሳዩ ከኪሷ አወጧት፤ በዚያው ጠፋች። ሚስታቸው ማዳም በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አሮጌ ፍሉስ፣ ገንዘብ ማለቷ ነው፣ አይተሻል አለችኝ፤ አላየሁም አልኩ። ማይ አለችኝ፤ ወላሂ ብዬ ማልኩ። ሻንጣዬን ገለበጠችው፣ ስልኬን ቀማችኝ፣ ፖሊስ እጠራለሁ አለች። ዘጠኝ ቀን እህል አልወርድልሽ አለኝ። በዚህ መሃል የቤቱ ሾፌር እዚህ ጅዳ ኑዝላ ሰፈር ላሉ የአገራችን ልጆች አወራ፣ ኑዝላ ለደጋን ደወለች፣ ደጋን ደግሞ ከፖሊሱ ቀድማ አሰረችኝ።

በዘጠነኛው ቀን ባባ ራሳቸው ማዕድ ቤት ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ አዝነው ነበር። ወረቀቷ ሻይ የፈሰሰባት እንደምትመስል፣ የአባታቸው ፊርማ እንዳለባት፣ ከላይዋ ደግሞ ቢስሚላህ እንደተጻፈባት ነገሩኝ። ቢስሚላህ ሲሉ ትዝ አለኝ።

እታለም፣ እማ እንዴት ነው ያሳደገችን? የአላህ ስም ያለበት ወረቀት መሬት ወድቆ ካገኘን አንስተን፣ ስመን፣ እግር የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ እንወትፈው የለም? ሳሎን ስጠርግ አንዲት ብጣሽ ምንጣፉ ላይ አግኝቼ ነበር። ያነበብኩት ቢስሚላህን ብቻ ነው። ሳምኳትና ከቁርኣኑ መደርደሪያ በላይ፣ እንጨቱና ግድግዳው መሃል ወተፍኳት፤ ረሳኋትም። እነሱ ገንዘብ ጠፋ ሲሉ እኔም አብሬ ገንዘብ ስፈልግ ሰነበትኩ።

የፈራሁትን አልደብቅሽም። ብናገር ደብቃት ነው ይሉኛል። ቤቱ ባዶ ሲሆን አውርጄ ምንጣፉ ስር ላድርጋትና ራሳቸው ያግኟት የሚል ሐሳብም መጣብኝ። ግን መሬት ላይ መልሼ ልጥላት? እጄ እንዴት እሺ ይበለኝ? እዚያው እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

ባባ በዚያ ዕድሜያቸው ወንበር ላይ ወጡ። ማዳም ወንበሩን ያዘች፣ እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። አወጧት። አዩኝና ሳቁ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ ሳቁ። አባታቸው ቢስሚላህ የጻፉባት ነጂዎቹ ቀደው እንዳይጥሏት ብለው ነበር አሉኝ። ያኔ እፎይ አልኩ፤ የዘጠኝ ቀን ትንፋሽ አንዴ ወጣልኝ።

በሳምንቱ ለዑምራ መካ ይዘውኝ ሲሄዱ ባሕራ ላይ ቆምን። የሻይ ቤቱ አሮጌ ግድግዳ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ጀርባ አሁንም አለ። ባባ፣ ወረቀቷን እዚህ ወድቃ ብታገኚያት የት ታደርጊያት ነበር አሉኝ። እጄን ዘርግቼ ከራሴ በላይ ያለውን ስንጥቅ ዳበስኩ። እጥፍጥፍ ያሉ አራት ወረቀቶች ወጡ፤ አራቱም ቢስሚላህ ያለባቸው። ለካ እማ ዓይነት ሰው በዚያ መንገድ ድሮም ያልፍ ኖሯል። ማዳም እዚያው መንገድ ዳር፣ ጎማ ጠጋኙ እያየን፣ ይቅር በይኝ ጀሚ አለችኝ። ይቅር ብያታለሁ፤ ስለ ስልኬ ግን ትንሽ አቆይቻታለሁ።

መካ ነካሳ ሰፈር የወሎ ሰው የሆኑ ሼህ አቡበከር የሚባሉ አሉ፤ ስለ መሐላዬ ጠየቅኳቸው። እውነት መስሎሽ የማልሽው ነውና ምንም የለብሽም አሉኝ። እኔ ግን ልቤ እንዲያርፍልኝ ሦስት ቀን ጾምኩ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ታድሷል፤ ባባ ለአረፋ የሁለት ወር ፈቃድ ሰጥተውኛል፣ ኢንሻአላህ እዚያው ደጋን አብረን እናርዳለን።

ዩኑስን በብዙ ሰላም በይልኝ፤ ስለ እኔ የተወራውን ሁሉ ስላልተቀበለ አላህ ይውደደው። ትንሹን አዲልን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጫማው ሱዓድ ሻንጣ ውስጥ አለ። ወሬውን ቤት ለቤት ያዞረችውን ጎረቤታችንን ዓይሻንም ሰላም በይልኝ፤ ቂም የለኝም፤ ይህን ደብዳቤ ግን እሷ ባለችበት አንብቢው፣ ቀስ ብለሽ፣ ሁለት ጊዜ። እማን ደግሞ እጇን ይዘሽ እንዲህ በያት፦ ልጅሽ ሌባ አይደለችም፤ ያስጠረጠራትም ነጻ ያወጣትም አንቺ ያስተማርሻት ነው። በመጪው የገበያ ቀን ውጪ፣ አንገትሽን ቀና አድርገሽ።

እህትሽ ጀሚ
ጅዳ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.